ውሃና መስኮት ከማስክ ይቀድማሉ፦ ሬዚን ሞዴል በቤት ውስጥ ሲሠራ

ደሴ ላይ በሬዚን፣ ማለትም ፈሳሽ ሆኖ ተሠርቶ እንደ ፕላስቲክ በሚጠነክር ቁስ፣ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጠላት ብርድ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ማታ ከጦሳ ተራራ በኩል ቅዝቃዜው ሲመጣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ከሰል ይቀጣጠላል። በተዘጋ ክፍል ደግሞ የሬዚን አቧራም ሆነ ሽታ መውጫ የለውም። ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ነገር ግን ሙቀቱ አልኮልና አሴቶንን ቶሎ ያተናል፣ ላቡም ማስክ ያስወልቃል። ጥንቃቄው በመሠረቱ አንድ ነው፤ የሚለያየው ሰው የትኛውን እርምጃ ቸል እንደሚል ነው።

ብዙ ሰው ስለ ጥንቃቄ ሲያስብ መጀመሪያ የሚገዛው ማስክ ነው። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት ግን በተቃራኒው ነው። በቅድሚያ አቧራው እንዳይነሳ በውሃ መሥራት፣ ቀጥሎ የተነሳው እንዲወጣ አየር ማስገባት፣ ማስክ በመጨረሻ።

የያዛችሁት የትኛው ሬዚን ነው?

«ሬዚን» የብዙ ነገሮች የጋራ ስም ነው። አደጋቸውም አንድ ዓይነት አይደለም።

በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ የመኪና፣ የአውሮፕላን ወይም የሰው ምስል ሞዴል ክፍሎቹ ነጭ፣ ክሬም ወይም ግራጫ ሆነው ጠጣርና ተሰባሪ ከሆኑ ብዙውን ጊዜ ፖሊዩሬቴን ነው። ፋብሪካ ውስጥ ፎርማ ላይ ፈስሶ ጠንክሯል፤ በእጅ ቢነካ ችግር የለውም። ችግሩ የሚጀምረው በመጋዝ ሲቆረጥና በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ ነው።

በስሪ ዲ ፕሪንተር የታተመው ሌላ ነው። ፈሳሹ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው የሚጠነክረው፤ ካልጠነከረ ቆዳን ይጎዳል። የገዛችሁት ክፍል ጣት ላይ የሚያጣብቅ ወይም የሚሸት ከሆነ ሥራው ስላላለቀ እንደ ፈሳሹ ቆጥራችሁ በጓንት ያዙት።

በሁለት ጠርሙስ የሚሸጠው፣ ለቁልፍ መያዣና ለጠረጴዛ ጌጥ የሚውለው ግልጽ ሬዚን ኢፖክሲ ነው። የእሱ አስቸጋሪ ክፍል ማጠንከሪያው ነው። ከፋይበር ግላስ ጋር የሚሠራበትና አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ያለው ደግሞ ፖሊስተር ነው፤ ሽታው ስታይሪን ይባላል፤ በቀላሉ የሚቀጣጠልም ነው።

ጠርሙሱ በቻይንኛ ብቻ የተጻፈ ከሆነ ዙሪያው ቀይ የሆነውን ባለ አራት ማዕዘን ምልክት ፈልጉ። ምልክቶቹ በየትኛውም አገር አንድ ናቸው። ነበልባል ማለት ይቀጣጠላል ማለት ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ የመሰለ ፍንዳታ ያለው ሰው የመተንፈሻ አለርጂን ወይም የቆየ የጤና ጉዳትን ያመለክታል። ከጠርሙስ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እጅና ብረት ሲበላ የሚታይበት ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል። የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ካለ ውሃ ውስጥ አይደፋም።

የሥራ ቦታ

ሳሎንና መኝታ ቤት አይሆኑም። ማድ ቤትም አይሆንም። በጣም የሚሻለው በረንዳ ወይም ሁለት መክፈቻ ያለው ሰርቪስ ክፍል ነው፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት አለበት። አንድ መስኮት ብቻ ካለ ፋኑን መስኮቱ ላይ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ አስቀምጡት፣ በሩን በአራት ጣት ያህል ክፈቱ። ፋኑን ወደ ራስ አዙሮ መቀመጥ አቧራውን ቀጥታ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው።

ብርዱ ካስቸገረ ልብስ ደርቡ እንጂ የከሰል ምድጃ አታስገቡ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ከሰሉ ራሱ በተዘጋ ቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሁለተኛው፣ የአልኮል፣ የአሴቶንና የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃው ጋ ይደርሳል። አይሶፕሮፒል አልኮል ትነቱ እሳት ለመያዝ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይበቃዋል፤ ይህን ደግሞ የደሴ የቀን ሙቀት በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ የዚህ ዓይነት ጠርሙስ አይከፈት። መብራት ሲጠፋም ሻማ አታብሩ፤ በባትሪ ሥሩ ወይም ጠርሙሱን ከድናችሁ ሥራውን ለነገ አሳድሩት።

ቡናው፣ እንጀራውና ጫቱ ከጠረጴዛው ይራቁ። ጫት በተለይ ቅጠሉ በጣት እየተቀነጠሰ ወደ አፍ ስለሚገባ ጣት ላይ ያለው አቧራ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እጅ እስከ ክርን በሳሙና ሳይታጠብ ምንም ወደ አፍ አይግባ። ለሥራው የተለየ አሮጌ ሸሚዝ ይኑራችሁ፤ ከሕፃናት ልብስ ጋር አብሮ አይታጠብ፣ ቤት ውስጥም አይራገፍ።

ስለ ማስክ ግልጽ መሆን ያለበት

ለኮቪድ ጊዜ የተገዛው ሰማያዊ የሕክምና ማስክ በጎኑ ክፍት ስለሆነ ለሬዚን አቧራ አይረባም። በነጠላ ወይም በሻሽ አፍ መሸፈንም ያው ነው። ሳንባ ድረስ የሚገባው ብናኝ ከ10 ማይክሮን በታች ነው፤ የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን እንደሆነ ስታስቡ፣ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ነጭ ዱቄት የሚያሳስበው ክፍል እንዳልሆነ ይገባችኋል። የሚጎዳው አይታይም፤ ሥራው ካለቀ በኋላም አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል። ማስኩን ሥራው እንዳለቀ ወዲያው ማውለቅ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለአቧራ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ጽሑፍ ያለበት ይበቃል። ይህ ማስክ ግን ሽታን፣ ማለትም ትነትን፣ አያስቀርም። ለትነት የጎማ ግማሽ ፊት ማስክና የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ምልክት ቡናማ ቀለበት ያለው ለትነት፣ ነጭ ቀለበት ያለው ለአቧራ ነው፤ ሁለቱም ቀለም ያለበት ኤ2ፒ3 የተባለው ሁለቱንም ይይዛል። ማጣሪያው ከሥራ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ከተተወ ከአየሩ ሽታ እየሳበ ያልቃል። በሚዘጋ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ። ለብሳችሁት ሽታ ከተሰማችሁ አልቋል ማለት ነው።

ከለበሳችሁ በኋላ ሁለቱን መዳፍ በማጣሪያው ላይ አድርጋችሁ አየር ሳቡ፤ ማስኩ ፊት ላይ ካልተጣበቀ ያስገባል። መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩ በጉም ከተሸፈነ አየሩ በአፍንጫ በኩል እያመለጠ ነው። ጺም ያለው ሰው ደግሞ የትኛውም ዋጋ ያለው ግማሽ ፊት ማስክ በትክክል አይገጥምለትም። ጺሙን ላለመላጨት የወሰነ ሰው በደረቁ ማሸትን ጨርሶ ይተው፤ በውሃና በበረንዳ ሥራ ይወሰን።

ከካርቶን እስከ ማሸት

አዲስ ክፍል ላይ ከፎርማው በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት አለ። 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ላርጎ ጠብ አድርጋችሁ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ካልታጠበ ቀለሙ በኋላ ይላጣል።

የተጣመመ ክፍል በ60 ወይም 70 ዲግሪ ውሃ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሲነከር ይለሰልሳል፤ በጓንት ቀጥ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከፈላ በኋላ ትንሽ ማቀዝቀዝ ይበቃል። በክብሪት፣ በላይተር ወይም በምድጃ ማሞቅ ግን አይሞከርም። ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ጭሱ ውስጥ ሃይድሮጂን ሳይናይድ አለ። ቁርጥራጩንም ከቆሻሻ ጋር አታቃጥሉት።

ሬዚኑ ወደ ፎርማው የፈሰሰበት፣ ክፍሉ ላይ ተጣብቆ የቀረው ወፍራም እግር በጥርሰ ደቃቅ መጋዝ ይቆረጣል። በፒንሳ ቢጨመቅ ጥርት ብሎ አይቆረጥም፣ ተሰብሮ ይፈናጠራል። ዓይን ላይ የሚመጣው አደጋ በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ በጎኑ የተሸፈነ መነጽር አድርጉ፤ የንባብ መነጽር አይተካውም። ክፍሉን በእጅ ይዞ ወደ ራስ መቁረጥ ደግሞ አውራ ጣትን ነው የሚያስከፍለው። ጠረጴዛ ላይ በትንሽ ሞርሳ ወይም በእንጨት መደገፊያ ይያዝ፣ ምላጩ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሂድ። ያረጀ ምላጭ ተጭኖ ስለሚያንሸራትት ከአዲሱ የባሰ ይቆርጣል። የተጣሉ ምላጮች ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጠራቀሙ፤ በፌስታል የተጣለ ምላጭ ቆሻሻ የሚሰበስበውን ሰው ይቆርጣል።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ማሸት።

1. ሳፋ ውስጥ ሁለት ሊትር ውሃ ጨምሩ፣ ሦስት አራት ጠብታ ላርጎ። ሳሙናው አቧራውን ውሃው እንዲይዘው ያደርጋል፣ ወረቀቱንም ከመደፈን ይከላከላል።

2. በውሃ የሚሠራበትን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት ግዙ። ለመጀመሪያው 240፣ ቀጥሎ 400፣ ለማለስለሻ 800 ቁጥር። 3 በ8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ለአሥር ደቂቃ ነክሩት።

3. ክፍሉንም ወረቀቱንም ውሃ ውስጥ እያደረጋችሁ፣ ከተቻለ ከውሃው በታች፣ እሹ። ውሃው እንደ ወተት ሲነጣ ሥራው በትክክል እየሄደ ነው።

4. በየ20 ወይም 30 ምልልስ ወረቀቱን አለቅልቁ። በክፍሉ ጠርዝ ላይ ነጭ ሊጥ መድረቅ ሲጀምር ካያችሁ ዘግይታችኋል፤ ያ ሊጥ ሲደርቅ መልሶ አቧራ ይሆናል።

5. ስትጨርሱ ጠረጴዛውንና ወለሉን ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። መጥረጊያ አይነካም። በአፍ እፍ ማለት፣ በኮምፕሬሰር መንፋትም እንዲሁ። ተራ የቤት ቫኪዩም ማጽጃ ደቃቁን ብናኝ በኋላው በኩል መልሶ ይተፋዋል፤ ሄፓ ማጣሪያ ያለው ከሌለ ይቅር።

6. ውሃውን ሌሊቱን ሳይነካ አሳድሩት። ዝቃጩ ይወርዳል። ከላይ ያለውን በአሮጌ ጨርቅ አጥልላችሁ፣ ዝቃጩን እርጥብ እንዳለ በፌስታል ቋጥራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉ።

በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ትንሽ መፍጫ ሥራውን ያፋጥናል፣ ነገር ግን አቧራውን በሁሉም አቅጣጫ ይበትናል፤ ፍጥነቱ ከበዛ ደግሞ ሬዚኑን አሙቆ ያጨሰዋል። ግዴታ ከሆነ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጋችሁ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ማስክና መነጽር ለብሳችሁ ሥሩ። ሶኬት ላይ የተሰካ መሣሪያ ከሳፋው ጋር አንድ ላይ አይገናኝ።

ሱፐር ግሉ

ሬዚን በተራ የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ አይያዝም፣ ስለዚህ ሱፐር ግሉ ነው የሚሠራው። ትነቱ ዓይንና አፍንጫ ያቃጥላል፤ አንገት ደፍቶ ከላይ መመልከትን አቁሙ፣ ክፍሉን ፊት ለፊት ከፍ አድርጋችሁ ያዙ።

ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ጥጥ ነው። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ በፍጥነት ይጠነክራል፤ ሲጠነክርም ቆዳ የሚያቃጥል ሙቀት ይፈጥራል፣ አንዳንዴም ያጨሳል። ጋቢ ደርቦ ወይም ነጠላ ጭን ላይ ጥሎ በሱፐር ግሉ አይሠራም። የፈሰሰውን በጥጥ አትጥረጉ፤ በፕላስቲክ ቁራጭ ግፉት። ጣት ከጣት ከተጣበቀ አትጎትቱ፤ ቆዳው ይላጣል። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክራችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባልሉት፤ አሴቶን ጣት ላይ በጥቂቱ ይረዳል፣ ዓይንና ከንፈር ላይ ግን ፈጽሞ አይደረግም።

ፈሳሽ ሬዚን የሚነካ ሰው

እዚህ ላይ ጠላቱ ከሳንባ ወደ ቆዳ ይዞራል። የፕሪንተር ሬዚንና የኢፖክሲ ማጠንከሪያ ቆዳን ቀስ በቀስ አለርጂ ያስይዙታል። ለወራት ምንም ሳይሆን ቆይቶ አንድ ቀን አንዲት ጠብታ እጅን ታሳክካለች፣ ታሳብጣለች። ከዚያ ወዲያ አይመለስም፤ ሰውየው ሥራውን መተው ይገደዳል። «እኔን አይነካኝም» የሚል ሰው ገና ያልደረሰበት ነው።

ጓንቱ ናይትሪል ይሁን። ስሱ የላቴክስ ጓንት ለዚህ አይሆንም። ፈሳሹ ወይም አልኮሉ በነካው ቁጥር ይለወጥ፣ ታጥቦ ዳግም አይለበስ። በተበከለ ጓንት ስልክ የሚነካ ሰው ሬዚኑን ማታ ጉንጩ ላይ ነው የሚያገኘው። ቆዳ ከተነካ በሳሙናና በውሃ ብቻ ይታጠብ። ጋራዥ ውስጥ እጅ በቤንዚን እንደሚታጠበው በአልኮል ወይም በቲነር መታጠብ ሬዚኑን አቅጥኖ ወደ ቆዳ ያስገባዋል።

የታተመው ክፍል እንደ ሬዚኑ ዓይነት በአልኮል ወይም በውሃ ከታጠበ በኋላ ደርቆ ፀሐይ ላይ ይውጣ። የደሴ ፀሐይ በከፍታው ምክንያት ጠንካራ ስለሆነች በጠራ ቀን ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት እያገላበጣችሁ ብታሰጡት ይጠነክራል፤ በሐምሌና ነሐሴ ጭጋግ ግን ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ውስጡ ክፍት የሆነ ክፍል ቀዳዳ ከሌለው ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ከሳምንታት በኋላ ሰንጥቆት ይወጣል። «በውሃ የሚታጠብ» የተባለውም ማጠቢያ ውሃው ቦይ ውስጥ አይደፋም። ከደሴ ቦይ የሚወርደው መጨረሻው ቦርከና ነው፤ ቦርከና ደግሞ ኮምቦልቻን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ከብት የሚጠጣው ወንዝ ነው። ያንን ውሃ በግልጽ ሳፋ ልጆችና ዶሮ በማይደርሱበት ጣሪያ ላይ አውጡት፣ ሬዚኑ ጠንክሮ ውሃው ሲተን የቀረው ቅርፊት እንደ ደረቅ ቆሻሻ ይጣላል። አልኮል ሲሆን ከእሳት ራቅ ብሎ፣ ከቤት ውጭ።

ሁለት ጠርሙስ ለሚቀላቅሉ፣ የብርድ አገር ስህተት አንድ ነው፦ አልጠነክር ሲል ማጠንከሪያ መጨመር። ኢፖክሲ በዚህ አይፈጥንም፤ መጠኑ ስለተዛባ ለዘለዓለም ለስላሳና የሚያጣብቅ ሆኖ ይቀራል። ፖሊስተር ደግሞ በተቃራኒው ይግላል፣ ይሰነጠቃል፤ ለ100 ግራም ከ1 እስከ 2 ግራም ማጠንከሪያ ነው ልኩ። የዚህ ማጠንከሪያ ጠብታ ዓይን ሊያሳውር ይችላል፤ ኮባልት ከተባለው ማፋጠኛ ጋር በቀጥታ ከተቀላቀለ ደግሞ ይፈነዳል። ለኢፖክሲ መፍትሔው ሁለቱን ጠርሙሶቹን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማሞቅ ነው። ኢፖክሲ በጠባብ ኩባያ ብዙ ከተቀላቀለም ራሱን አግሎ ያጨሳል። በአንድ ጊዜ ከ100 ግራም አትለፉ፤ መጋል ከጀመረ ውጭ አውጥታችሁ አፈር ላይ ተዉት።

ራሳቸው ፖሊዩሬቴን ለሚያፈሱ ሌላ ጉዳይ አለ። አንደኛው ጠርሙስ አይሶሳያኔት ነው፤ አስም ያስይዛል። መጠኑ ጎጂ ከሆነ በኋላ እንኳ ላይሸት ስለሚችል ማስኩ ማለቁን በአፍንጫ ማወቅ አይቻልም። በክረምት እርጥበት ከገባበት አረፋ ያወጣል፣ ጋዙም ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ ሊያፈነዳ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይንካው። ከመኪና ቀለም ሱቅ ከማጠንከሪያ ጋር የሚሸጠው ክሊር ቫርኒሽም ያው ነገር አለበት፤ ቤት ውስጥ አይረጭም። ለሞዴል በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይበቃል።

አቀማመጥና አደጋ ሲደርስ

አሴቶንም ሆነ አልኮል በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀዳ። ግልጽ ፈሳሽ በሃይላንድ ሲታይ ለማንም ሰው ውሃ ነው፤ ለልጅ ብቻ አይደለም። በራሱ ጠርሙስ፣ በራሱ ጽሑፍ፣ በሚቆለፍ ቦታ ይቀመጥ።

ቧንቧ ስለሚጠፋ ሥራ ከመጀመሩ በፊት 5 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጄሪካን አጠገብ ይኑር። ዓይን ውስጥ ፈሳሽ ከገባ የዓይኑን ቆብ ከፍታችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ በቀስታ አፍሱ፤ ሰዓት እዩ፣ ሦስት ደቂቃ እንደ 15 ይረዝማልና። አምስቱ ሊትር ካለቀ ከጎረቤት አስመጡ። ዓይን በሱፐር ግሉ ከተጣበቀ በኃይል አትክፈቱት፤ እርጥብ ጨርቅ አድርጋችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይንና በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። አንድ ሰው ከጠጣ አታስመልሱት፣ ወተትም አትስጡት፤ ቀጥታ ወደ ሕክምና። ደረት መጨነቅ ወይም ማፏጨት ከመጣ ሥራው ካለቀ ሰዓታት ቢያልፉም ከሬዚኑ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪሙ በምን ስትሠሩ እንደነበር ንገሩ። ጠርሙሱን ወይም የጽሑፉን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ሙጫ ነው» ብቻ ከተባለ ሐኪሙ የሚያክመውን አያውቅም።